መንገደኛ የሚታመንበት መንገድ

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ዕለት ከ12ኛ ክፍል ተማሪዎች የቀረበ ንግግር)



 ከእኛ በፊት የተናገሩት ስለ ትምህርት ቤታችን አመሠራረት በሰፊው ስለ ተረኩልን፤ እኛ ደግሞ ተማሪውን ወደ ትምህርት ቤት፤ ነጋዴውን ወደ ገበያ፤ በሽተኛውን ወደ ሐኪም ቤት ስለሚያደርሰው ስለ መንገድ ጥቂት ልንናገር አስበናል። በዚህ አዳራሽ ከተሰበሰባችሁት ወላጆች መካከል ዛሬ ለመድረስ ትናንት ከቤታችሁ የተነሣችሁ አላችሁ። ነገ በስንት ሰዓት ቤታችሁ እንደምትገቡ ብንጠይቃችሁ ግን፤ መልሳችሁ «እግዚአብሔር ያውቃል» የሚል ይሆናል። ይህ መልስ የእምነት ቃል ስለ ሆነ መልካም ነው። ነገር ግን ሰው ሊያውቀው የሚገባውንና በሥራው ሊያስተካክለው የሚችለውን ነገር ሁሉ በዚህ ቃል ብንሸፍነው፤ ከስንፍና እንቈጠራለን ብለን እንፈራለን።

አሳባችን በአጭሩ እንዲህ ነው። መንገደኛን የመንገዱ ርዝመት ያደክመዋል፤ ከርዝመቱ ይልቅ የሚያደክመውና የሚያስጨንቀው ግን መቼ እንደሚነሣና መቼ እንደሚደርስ አለማወቁ ነው። ስለዚህ ወደ ፊት መንገዶቻችንንና ጉዟችንን ስናሻሽል ከፍጥነት በፊት መታመንን እንድናስቀድም እናሳስባለን።

በመጀመሪያ ከየት እንደ ተነሣን ማስታወስ ይገባል። አባቶቻችን የመንገድን ዋጋ ያውቁ ነበር። ዐፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖል የተባለውን ታላቅ መድፍ ከደብረ ታቦር አካባቢ ወደ መቅደላ ለማድረስ በ1860 ዓ.ም. ገደሉን እያስናዱ መንገድ አሠርተዋል፤ ራሳቸውም ከሠራተኛው ጋር ድንጋይ ያነሡ እንደ ነበር ይነገራል። በኋላም ጣሊያን አገራችንን በወረረበት ዘመን፤ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም.፤ ለራሱ ጦርና ንግድ ብሎ ብዙ አውራ ጐዳና ዘረጋ። ወደ ደሴ ስንሄድ ጣርማ በር ላይ ተራራውን ሰንጥቆ የሚያልፈው፤ ከግማሽ ኪሎ ሜትር በላይ የሚረዝመው ዋሻ የዚያ ዘመን ሥራ ነው።

ከነጻነት በኋላ የሆነውን ግን በጣም ልናስተውለው ይገባናል። መንገዶቹ ተሠርተው ነበር፤ የሚጠብቃቸውና የሚጠግናቸው ግን በበቂ አልነበረም። በጥቂት ክረምት ውስጥ ዝናቡ ቦዮቹን ሞላቸው፤ አስፋልቱም ተቦረቦረ። ይህ ጥፋት ስለ ታየ በ1943 ዓ.ም. የአውራ ጐዳና ባለ ሥልጣን ተቋቋመ፤ የዓለም ባንክም ለመንገድ ሥራ 5 ሚሊዮን ዶላር አበደረ። ከዚህ ታሪክ የምንማረው፤ መንገድ አንድ ጊዜ ተሠርቶ የሚተው ሐውልት አለመሆኑን ነው። መንገድ እንደ እርሻ ነው፤ በየዓመቱ ካልታረመ አረም ይበላዋል።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ተሠርቷል። የመንገድ ዘርፍ ልማት ፕሮግራም በ1989 ዓ.ም. ሲጀመር የአገራችን መንገድ በጠቅላላው ወደ 26 ሺህ 5 መቶ ኪሎ ሜትር ነበር፤ ሃያ ዓመት ሳይሞላ ከ1 መቶ ሺህ ኪሎ ሜትር አልፏል። በጃፓን መንግሥት እርዳታ የተሠራው የሕዳሴ ድልድይ በዓባይ ላይ ተከፈተ። በ2007 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ወደ አዳማ የሚወስደው፤ 6 መስመር ያለው የፍጥነት መንገድ ለተላላፊ ክፍት ሆነ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በባሕር ዳር 380 ሜትር የሚረዝመው አዲሱ የዓባይ ድልድይ ተመረቀ። ይህን ሁሉ ስናይ ደስ ይለናል፤ መንግሥትንና መሐንዲሶቹን፤ ከሁሉም በላይ በፀሐይና በዝናብ የደከሙትን ሠራተኞች እናመሰግናለን።

እንግዲህ መንገዱ ይህን ያህል ከበዛ፤ መንገደኛው ስለ ምን ዛሬም ይጨነቃል? ይህን ለመረዳት አንድ የሒሳብ ምሳሌ እናቅርብ። ሁለት መንገዶች አሉ እንበል። አንደኛው መንገድ ከአምስት ቀን በአራቱ ቀን በ3 ሰዓት ያደርሳል፤ በአምስተኛው ቀን ግን በናዳ ወይም በመኪና ብልሽት ምክንያት 6 ሰዓት ይፈጃል። ሁለተኛው መንገድ ሁልጊዜ 4 ሰዓት ይፈጃል። አማካዩን ብናሰላ አንደኛው 3 ሰዓት ከ36 ደቂቃ ስለሚሆን ይሻላል እንላለን። ነገር ግን ጧት በ3 ሰዓት ከሐኪም ፊት መቅረብ ያለበት በሽተኛ የትኛውን ይመርጣል? በአንደኛው መንገድ የሚሄድ ከሆነ አምስተኛው ቀን የትኛው እንደ ሆነ ስለማያውቅ፤ በየጊዜው ከ6 ሰዓት በፊት መነሣት አለበት። በሁለተኛው ከሆነ ግን ከ4 ሰዓት በፊት ቢነሣ ይበቃዋል። ስለዚህ በአማካይ ቀርፋፋ የሆነው መንገድ ለመንገደኛው 2 ሰዓት እንቅልፍ ይሰጠዋል፤ ልቡንም ያሳርፈዋል። መታመን ስንል ይህን ማለታችን ነው።

ነገሩ ለእኛም ቅርብ ነው። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ የ12ኛ ክፍል ተፈታኞች ለብሔራዊው ፈተና ወደ ዩኒቨርሲቲዎች እንዲጓዙ ተደርጓል። አሥራ ሁለት ዓመት የተማርንበት ዋጋ በጥቂት ቀናት ይመዘናል፤ ከዚያ በፊት ግን መንገድ ይፈትነናል። ሽንኩርት ጭኖ ለገበያ የሚነሣው ገበሬም እንዲሁ ነው። አንድ ቀን በመንገድ ቢቆም ሽንኩርቱ ይበሰብሳል፤ የዓመት ድካሙም በአንድ ቀን ይጠፋል። ምጥ ለያዛት እናትማ የአንድ ሰዓት መዘግየት የሁለት ነፍስ ጉዳይ ነው።

አሁን የመዘግየቱን ምክንያቶች አንድ በአንድ እንመልከት።

የመጀመሪያው ምክንያት ውኃ ነው። የመንገድ ጠላት መኪና ይመስለናል፤ መሐንዲሶች ግን ከሁሉ የከፋው ጠላት ውኃ ነው ይላሉ። ዝናቡ በአስፋልቱ ላይ በተከፈተች ቀጭን ስንጥቅ ይገባል፤ ከሥር ያለውን አፈርና ጠጠር ያለሰልሰዋል። ከዚያ በኋላ የከባድ መኪና ጎማ ባለፈ ቍጥር ጭቃውን እየመጠጠ ያወጣዋል። ከሥሩ ባዶ የሆነው አስፋልት ይሰበራል፤ ጉድጓድም ይሆናል። ስንጥቋ በበጋ በጥቂት ሬንጅ ተደፍና ቢሆን ኖሮ በክረምት ጉድጓድ አይኖርም ነበር። ከመንገድ ዳር ያለው የውኃ መውረጃ ቦይ ሰኔ ሳይገባ ቢጠረግ፤ ጎርፉ በአስፋልቱ ላይ አይተኛም ነበር።

ለዚህ ሁሉ ምሳሌ የሚሆነን የዓባይ በረሃ ነው። ከአዲስ አበባ ወደ ጐጃም የሚሄደው አውራ ጐዳና ከጐሐ ጽዮን ጀምሮ ወደ ሸለቆው ይወርዳል፤ ወንዙን ተሻግሮ ወደ ደጀን ይወጣል። ቁልቁለቱና ዳገቱ ተደምሮ ወደ 40 ኪሎ ሜትር ይሆናል፤ ከአፋፉ እስከ ወንዙም ከ1 ሺህ ሜትር በላይ ዝቅታ አለ። ድልድዩ አዲስና የጠነከረ ነው፤ በሁለቱም ወገን ያለው ምድር ግን በክረምት ውኃ ሲጠጣ ይንሸራተታል፤ መንገዱንም ይዞት ይወርዳል። ጭነት የያዙት መኪናዎች በከባድ ማርሽ እያቃሰቱ ሲወጡ አንዱ በመጠምዘዣው ላይ ቢሰበር፤ ከኋላው ያለው ሁሉ ተሰልፎ ይቆማል። በዚህ ስፍራ የሚያስፈልገው ትልቅ ገንዘብ ብቻ አይደለም። በክረምት ወራት ናዳ የሚጠርግ መኪናና የተበላሸ መኪና የሚጐትት መኪና በቅርብ ተዘጋጅተው ቢቆዩ፤ በየመጠምዘዣው ሰፋ ያለ የመቆሚያ ቦታ ቢኖር፤ ግማሽ ቀን የሚፈጀው መዘጋት ወደ ግማሽ ሰዓት ሊያጥር ይችላል።

ሁለተኛው ምክንያት ያለ መጠን መጫን ነው። እ.ኤ.አ. ከ1958 እስከ 1960 ድረስ በአሜሪካ በኢሊኖይ ግዛት መሐንዲሶች ለሙከራ መንገድ ሠርተው፤ ክብደታቸው ልዩ ልዩ የሆነ የጭነት መኪናዎችን ሌትና ቀን አመላለሱበት። ያገኙት ውጤት የሚያስደንቅ ነው። በአንድ አክስል ላይ፤ ማለት ግራና ቀኝ ጎማዎችን በሚያያይዘው ብረት ላይ፤ የሚያርፈው ክብደት እጥፍ ሲሆን በመንገዱ ላይ የሚደርሰው ጉዳት ወደ 16 እጥፍ ይደርሳል። ነጋዴው ጥቂት ኩንታል ጨምሮ ሲጭን ያተረፈ ይመስለዋል። መንገዱ ሲፈርስ ግን ጎማውና ሞላው ይሰበርበታል፤ ሕዝቡም ሁሉ ከእርሱ ጋር ዕዳውን ይከፍላል። ስለዚህ በየኬላው ያለው የክብደት ሚዛን ለመንገዱ እንደ ሐኪም ነው፤ ሚዛኑን በጉቦ የሚያልፍ ሰውም የሁላችንን ንብረት እንደሚሰርቅ ይቈጠር።

ለጥገና የሚሆን ገንዘብ ከየት ይመጣል የሚል ጥያቄ ቢነሣ፤ በ1989 ዓ.ም. የመንገድ ፈንድ በአዋጅ እንደ ተቋቋመና ከነዳጅ ሽያጭ ላይ ለመንገድ ጥገና የሚውል ገንዘብ እንደሚሰበሰብ እንመልሳለን። መንገዱን የሚጠቀም ሁሉ ለመጠገኑ ይክፈል የሚለው አሳብ ትክክለኛ ነው። አሁን የሚያስፈልገው አዲስ መንገድ ሲመረቅ እንደምናጨበጭብ ሁሉ፤ አሮጌው ሲጠገንም ማጨብጨብን መልመድ ነው። ሪባን የሚቈረጥለት ጥገና ስለሌለ ብዙ ጊዜ የሚያስበው የለም።

ሦስተኛው ምክንያት የመነሻ ሰዓት አለመታወቅ ነው። በብዙ መናኸሪያ መኪናው የሚነሣው ሰዓቱ ሲደርስ አይደለም፤ ሲሞላ ነው። ቀድሞ የመጣው ተሳፋሪ እንደ ትጉህ ሰው ሊመሰገን ሲገባው ሁለት ሰዓት በመቀመጥ ይቀጣል። ረዳቱ «አንድ ሰው ብቻ! አንድ ሰው ብቻ!» እያለ ይጣራል፤ አንዱ ሲገባ ሌላው ሰልችቶት ይወርዳል። በመጨረሻም መኪናው ሲነሣ ሾፌሩ የጠፋውን ጊዜ ሊመልስ ይሮጣል። አበው «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ያሉት ለዚህ የተነገረ ይመስላል።

ይህንንም በሒሳብ እንመርምረው። 300 ኪሎ ሜትር በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ቢኬድ 5 ሰዓት ይፈጃል። በመናኸሪያ የጠፋውን 2 ሰዓት ለመመለስ፤ ያንኑ መንገድ በ3 ሰዓት መጨረስ ያስፈልጋል። ይህ ማለት መኪናው ከመነሻው እስከ መድረሻው አንድ ጊዜ እንኳ ሳያቋርጥ በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር መሄድ አለበት ማለት ነው። በፊዚክስ ትምህርታችን እንደ ተማርነው፤ በእንቅስቃሴ ላይ ያለ ነገር ኀይል ከፍጥነቱ ካሬ ጋር ያድጋል። ስለዚህ ከ60 ወደ 100 ስንወጣ ፍሬኑ ሊያቆመው የሚገባው ኀይል ወደ ሦስት እጥፍ ይጠጋል። በተራራ መጠምዘዣ ላይ፤ ከብቶችና ሕፃናት በሚሻገሩበት መንገድ ይህ ምን ያህል አስፈሪ እንደ ሆነ ለማንም ግልጽ ነው። በመናኸሪያ የባከነ ጊዜ በመንገድ ላይ በደም እንዲመለስ መፈለግ የለብንም።

ወላጆቻችን ሆይ፤ በዚህ ነገር ላይ ድምፃችንን ከፍ እናደርጋለን፤ ስለ እኛ ስለ ልጆቻችሁ የሚናገር ነውና። የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው መግለጫ በዓለም በመንገድ አደጋ በየዓመቱ ወደ 1 ሚሊዮን 190 ሺህ ሰው ይሞታል፤ ከእነዚህም ከመቶው ከ90 በላይ የሚሆኑት የሚሞቱት ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ነው። ዕድሜያቸው ከ5 እስከ 29 ዓመት ለሆነ ሰዎች የሞት ቀዳሚው ምክንያት በሽታ አይደለም፤ የመንገድ አደጋ ነው። በዚህ አዳራሽ የተቀመጥን ተማሪዎች ሁላችን በዚያ ዕድሜ ውስጥ ነን። ይኸው ድርጅት አማካይ ፍጥነት በመቶ 1 ሲጨምር ሞት የሚያስከትል አደጋ የመድረሱ ዕድል በመቶ 4 ያህል እንደሚጨምር ይናገራል፤ የደኅንነት ቀበቶ መታጠቅ ግን በፊት ወንበር ለተቀመጠ ሰው የመሞትን አደጋ እስከ ግማሽ ሊቀንስ ይችላል።

አራተኛው ምክንያት የወሬ እጦት ነው። መንገድ ሲዘጋ መንገደኛው የሚሰማው ከተዘጋው ስፍራ ከደረሰ በኋላ ነው። ቀድሞ ቢሰማ ኖሮ ጉዞውን ለነገ ያሳድር፤ ወይም በሌላ መንገድ ይዞር ነበር። በለንደን ከተማ እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ ጀምሮ በአውቶቡስ ማቆሚያዎች ላይ የሚመጣው አውቶቡስ ስንት ደቂቃ እንደ ቀረው የሚናገር ሰሌዳ መሰቀል ጀምሯል። ሰሌዳው አውቶቡሱን አያፈጥነውም፤ ሆኖም የሚጠብቀው ሰው ልቡ ያርፋል፤ ሻይ ሊጠጣ ወይም ደብዳቤ ሊጽፍ ይችላል። ሰው አሥር ደቂቃ መሆኑን አውቆ ቢጠብቅ፤ ሳያውቅ አምስት ደቂቃ ከሚጠብቅ ይልቅ ይታገሣል።

ለእኛ እንደ ለንደን ያለ ውድ ሰሌዳ መጠበቅ አያስፈልገንም። በየመናኸሪያው አንድ ጥቁር ሰሌዳና ጠመኔ ይበቃል። በሰሌዳው ላይ ዛሬ የትኛው መንገድ ክፍት እንደ ሆነ፤ የትኛው እንደ ተዘጋ፤ የመጨረሻው መኪና በስንት ሰዓት እንደሚነሣ ይጻፍ። ይኸው ቃል ጧት ጧት በሬዲዮ ይነገር፤ በእጅ ስልክም በአጭር መልእክት ይላክ። ባላገሩ ስልክ ባይኖረው እንኳ ሬዲዮ ያለው ጎረቤት አያጣም።

ሰው ቀድሞ ከተነገረው አዲስ ነገርን እንደሚቀበል የአገራችን ታሪክ ራሱ ይመሰክራል። ቀድሞ በኢትዮጵያ መኪና የሚነዳው በግራ በኩል ነበር፤ በ1956 ዓ.ም. ግን ወደ ቀኝ ተለወጠ። ይህን የሚያህል ልማድ ተለውጦ፤ ዛሬ በግራ ይነዳ እንደ ነበረ የሚያስታውሱት አረጋውያን ብቻ ናቸው። እንግዲህ በግራ ከመንዳት ወደ ቀኝ የተሻገረ ሕዝብ፤ «ሲሞላ እንሄዳለን» ከማለት «ሰዓቱ ሲደርስ እንሄዳለን» ወደ ማለት መሻገር እንዴት ያቅተዋል?

አምስተኛውን ምክንያት በሐዘን እንጠራዋለን፤ እርሱም የሰላም መጥፋት ነው። በ2013 ዓ.ም. በሰሜን አገራችን ከተነሣው ጦርነት ጀምሮ፤ በልዩ ልዩ ስፍራዎች መንገድ በጸጥታ ምክንያት የተዘጋባቸው ቀኖች ብዙ ናቸው። ይህን የሚጠግን ግሬደር የለም። መሐንዲሱ ድልድይ ሊሠራ ይችላል፤ ሰው ሰውን ሳይፈራ እንዲሻገርበት የሚያደርገው ግን የሁላችን ልብ ነው። የመንገድ የመጀመሪያው ጠጠር ሰላም ነው። በትምህርት ቤታችን ከሰሜንም ከደቡብም፤ ከምሥራቅም ከምዕራብም የመጣን ልጆች በአንድ ማዕድ ስለምንበላ፤ ይህ ጠጠር ሊገኝ እንደሚችል እናውቃለን።

እስካሁን ስለ ችግሩ ተናገርን፤ ወደ ፊት ስለሚመጣውም ጥቂት እንጨምር። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከልክሎ በኤሌክትሪክ የሚሠሩት እንዲገቡ ፈቀደ። ታላቁ የሕዳሴ ግድብም ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመረቀ። በራሳችን ወንዝ ኀይል የሚሄድ መኪና ማየት የሚያኮራ ነገር ነው። ነገር ግን በኤሌክትሪክ የሚሄድ መኪና ኀይሉን የሚሞላበት ጣቢያ በየአውራ ጐዳናው ካላገኘ፤ የነዳጅ ሰልፍን ጭንቀት በሌላ ጭንቀት መለወጥ ብቻ ይሆናል። መኪናው ሳይመጣ ጣቢያው ይቅደም፤ ጣቢያውም የት እንዳለ በመንገዱ ምልክት ላይ ይጻፍ።

የአዳማን የፍጥነት መንገድም ስናይ የምንማረው አለ። ያ መንገድ መንገደኛውን የሚያሳርፈው ፈጣን በመሆኑ ብቻ አይደለም። የሚሄደውና የሚመጣው መኪና ተለያይቷል፤ ዳርና ዳሩ ታጥሯል፤ መግቢያውና መውጫውም የታወቀ ነው። ስለዚህ የተነሣ ሰው የሚደርስበትን ሰዓት ሊገምት ይችላል። በአገሪቱ ሁሉ እንዲህ ያለ መንገድ በአንድ ጊዜ ሊሠራ አይችልም፤ ሕጉን ግን በትንሹም መንገድ ላይ ማድረስ ይቻላል። በገበያ ቀን ከብትና ሰው የሚሻገሩበት ስፍራ ይለይ፤ ከአስፋልቱ ዳር ለእግረኛ ጥርጊያ ይውጣለት፤ በቁልቁለቱ አፍ ላይ ፍሬን የሚፈተሽበት ስፍራ ይዘጋጅ።

አሁን ለእያንዳንዱ ወገን ልመናችንን እናቅርብ። የመንገድ ሥራ አለቆች ሆይ፤ ቦዩ ከሰኔ በፊት ይጠረግ፤ ስንጥቁ በበጋ ይደፈን። የመናኸሪያ ሹማምንት ሆይ፤ ለእያንዳንዱ መኪና የመነሻ ሰዓት ቍረጡለት፤ ቢሞላም ባይሞላም በሰዓቱ ይነሣ፤ ለጐደለው ወንበር ባለ ንብረቱ እንዳይጐዳ ተራውንና ታሪፉን አስተካክሉ። ሾፌሮቻችን ሆይ፤ ሥራችሁ ከባድና የተከበረ መሆኑን እናውቃለን፤ እንቅልፍ ሳትጠግቡ መሪ አትጨብጡ። ተሳፋሪዎች ሆይ፤ ሾፌሩን «ንዳው! ንዳው!» ማለት ትተን «ቀስ በል ወንድሜ» ማለት እንልመድ፤ በትርፍ ለመጫንም እሺ አንበል። እኛ ተማሪዎች ደግሞ በእግራችን ስንሄድ መኪናው ከፊት ለፊታችን በሚመጣበት ወገን እንሂድ፤ ማታም ነጣ ያለ ልብስ እንልበስ፤ ታናናሾቻችንን መንገድ ማሻገር ግዴታችን መሆኑን አንርሳ።

በመንገድ ላይ ወድቆ የተገኘውን ሰው አይቶ ያላለፈውን የደጉን ሳምራዊ ታሪክ በዚህ ትምህርት ቤት ከልጅነታችን ጀምሮ ሰምተናል። ያ መንገድ ከኢየሩሳሌም ወደ ኢያሪኮ የሚወርድ አስቸጋሪ ቁልቁለት ነበር። ዛሬም አደጋ በደረሰበት ስፍራ ፎቶግራፍ ለማንሣት የሚከበው ብዙ ነው፤ ደም ማቆም የሚያውቅ ግን ጥቂት ነው። ስለዚህ የመጀመሪያ እርዳታ ትምህርት በየትምህርት ቤቱ እንዲሰጥ መምህሮቻችንን እንለምናለን።

በመጨረሻ፤ ንግግር ብቻ አድርገን እንዳንቀመጥ አንድ ትንሽ ሥራ ጀምረን ለ11ኛ ክፍል ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ልናስረክብ ወስነናል። እነሆ በእጃችን ያለው ባዶ ደብተር በአምስት ዐምድ የተሰመረ ነው፤ የተነሡበት ስፍራ፤ ወደ መናኸሪያ የደረሱበት ሰዓት፤ መኪናው የተነሣበት ሰዓት፤ የደረሱበት ሰዓት፤ ካዘገየም የዘገየበት ምክንያት ይጻፍበታል። ከዕረፍት የሚመለስ ተማሪ ሁሉ፤ ሊጠይቀን የሚመጣ ወላጅም ሁሉ፤ ጉዞውን በእውነት ይመዝግብበት። በዓመቱ መጨረሻ የሒሳብ ክፍል ተማሪዎች ያስሉት፤ ውጤቱም ለመናኸሪያውና ለመንገድ መሥሪያ ቤቱ በትሕትና ይላክ። ባለ ሥልጣን «መንገዱ መጥፎ ነው» የሚለውን ጩኸት ብዙ ጊዜ ሰምቷል፤ «በዚህ ስፍራ፤ በዚህ ወር፤ በዚህ ምክንያት ይህን ያህል ሰዓት ጠፋ» የሚል ጽሑፍ ሲደርሰው ግን ከየት እንደሚጀምር ያውቃል።

ክቡራንና ክቡራት፤ ትምህርት ቤታችን በሚቀጥለው ታላቅ በዓሉ ሲሰበሰብ እኛ በየአገሩ የተበተንን ሰዎች እንሆናለን። አንዳንዳችን መሐንዲስ፤ አንዳንዳችን ሐኪም፤ አንዳንዳችን ነጋዴ፤ ምናልባትም ሾፌር እንሆን ይሆናል። ያን ቀን የጥሪ ወረቀት ሲደርሰን «በ4 ሰዓት እደርሳለሁ» ብለን መልሰን እንድንጽፍ፤ በ4 ሰዓትም እንድንደርስ ምኞታችን ነው። እግዚአብሔር የመንገደኞችን ሁሉ መውጣትና መግባት ይጠብቅ፤ ዛሬ ከሩቅ የመጣችሁትንም ወላጆቻችንን በሰላም ወደ ቤታችሁ ያግባችሁ።